ሙላው የገባበት የገብስ ጉድጓድ

ይህን የምጽፍላችሁ ከሰው የሰማሁትን አይደለም። በእነዚህ እጆቼ የያዝሁትን ነው። የገመዱ ጠባሳ እስካሁን መዳፌ ላይ አለ...

ግንቦት አጋማሽ ነው። ከቀኑ ስድስት ሰዓት፣ ፀሐይ አናት ስትበሳ። ቦታው የላይ ጋይንት ወረዳ፣ ከንፋስ መውጫ በእግር ሁለት ሰዓት የሚያስኬድ፣ የታላቅ ወንድሜ የሙላው ጓሮ።

ሙላው ልቡን ታሞ ነበር። ሐኪሙ፣ "የልብህ ደም ሥር ጠቧል፤ ሁለተኛ ከጣለህ አትተርፍም" ብሎ ወደ ትልቅ ሆስፒታል ጻፈለት። አልሄደም።

እኔ ይስማው ትምህርት ቤት አልገባሁም። የማውቀውን ያወቅሁት ከሬዲዮ ነው። አንድ ቀን ስለ ልብ ሲወራ ሰማሁ። አየር ባነሰበት ለአጭር ጊዜ ገባ ወጣ ማለት ልብን ከጉዳት ሳይጠብቅ አይቀርም፤ ገና እየተጠና ነው፤ ያለ ሐኪም አይሞከርም አሉ።

ለሙላው ነገርሁት። የመጨረሻዋን ቃል ግን... አስቀረኋት።

"አየር ያነሰበት?" አለና ሳቀ። "ጓሮዬ አይደል ያለው!"

የገብስ ጉድጓዱን ማለቱ ነው።

በእኛ አገር የእህል ጉድጓድ ሲከፈት ማንም ዘሎ አይገባም። "ይተንፍስ" ተብሎ ክፍቱን ያድራል። ከዚያ ኩራዝ በገመድ ይወርዳል። መብራቱ ከጠፋ የገባ ሰው አይወጣም።

"እንደ ጠበል ሰባት ቀን እገባለሁ" አለ። "አንተ ገመዱን ያዝ። አርባ አንድ እግዚኦታ ቁጠርና ጎትተኝ።"

ሚስቱ ዓለሚቱ ወገቧን ይዛ ቆመች።

"ሐኪም ቤት ሂድ ያልሁት ሰውዬ እንደ ገብስ ሊከተት! ስትበቅል ጥራኝ።"

በመጀመሪያው ቀን፣ ጉድጓዱ ሳይተነፍስ፣ ኩራዙ ታች ወርዶ ጠፋ፤ ሙላው ገብቶ በሕይወት ወጣ።

በአራተኛው ቀን ገና ከጉድጓዱ አፍ ሳያልፍ ጠፋ።

ሙላው ግን እየተሻለው ሄደ። ዳገቱን ሳያርፍ ወጣ። እኔም ተመስገን አልሁ።

በአምስተኛው ቀን ስጎትተው አላለከለከም። ላብ የለውም። ከንፈሩ ጥላሸት መስሏል።

"ደህና ነህ?"

"ቀስ በል" አለ በሹክሹክታ። "ይሰማሃል።"

"ማን?"

ዓይኑን ወደ ጉድጓዱ መለሰ...

በማግስቱ ጠዋት ዓለሚቱ ቤቴ መጣች።

"ይስማው... ተኝቶ አየሁት። ደረቱ አይነሳም።"

ያን ጊዜ ነው ያስቀረኋትን ቃል ለሙላው የነገርሁት። "ያለ ሐኪም አይሞከርም ብለዋል። ይቅርብህ፣ ወንድሜ።"

"ሁለት ቀን ነው የቀረኝ" አለና ገባ።

እኔም ገመዱን ያዝሁ። ኃጢአቴ ይኸው ነው።

ሰባተኛው ቀን። ስድስት ሰዓት።

አርባ አንድ ቆጥሬ ጎተትሁ። ገመዱ ንቅንቅ አላለም።

ከዚያ... ከታች ተጎተተ።

መዳፌ ተገሽልጦ ደሜ በገመዱ ወረደ። ዓለሚቱ ወገቤን አቅፋ አብራኝ ሳበች። ትከሻዬ ጧ ሲል ሰማሁት።

ሙላው ወጣ። ወጥቶም ጉሮሮዬ ላይ ተከመረ። አውራ ጣቶቹን ማንቁርቴ ላይ ተክሎ ወደ ጉድጓዱ አፍ ጎተተኝ።

"ና" አለኝ። አፉ አፌ ላይ ሊደርስ ነው፤ ትንፋሽ ግን አልነካኝም። "መተንፈስ እኮ ልማድ ነው..."

ዓለሚቱ ዘነዘናውን አንስታ አናቱን መታችው። አጥንቱ ተሰበረ። አልለቀቀኝም።

"ልቀቀው! በእመቤቴ ልቀቀው!"

ደገመችው። በሦስተኛው ደሙ ዓይኔን ሞላው፤ ጣቶቹም ላሉ።

ጎረቤት ተሰበሰበ። ከጤና ጣቢያ ነርሷ እሌኒ እየሮጠች መጣች። ማዳመጫዋን በሸሚዙ ላይ አሳረፈች።

"ልቡ ይመታል" አለች። "የጎረምሳ ልብ ነው!"

ዓለሚቱ ዘነዘናውን ጥላ በጉልበቷ ወደቀች። "አልገደልሁትም... አልገደልሁትም..."

እሌኒ እጇን አፍንጫው ላይ አደረገች። ጠበቀች... ጠበቀች...

"ትንፋሽ የለውም።"

የተከፈተው አናቱ መድማት አቁሟል። ዝንብ ዓይኑ ላይ ሲያርፍ አልጨፈነም። ቄሱ መጥተው ነበር፤ ልቡ ለሚመታ ሰው እንዴት ፍትሐት ይጀምሩ? መስቀላቸውን እንደያዙ ቆሙ።

"ሸሚዙን ግለጥልኝ" አለችኝ እሌኒ።

ገለጥሁት።

ከግራ ጡቱ ሥር፣ ከቆዳው ውስጥ... አምስት ጣቶች ወደ ላይ ገፍተው ታዩ።

ልቡን ይጨብጣሉ። ይለቅቃሉ።

ይጨብጣሉ...