የአርቪው ግድግዳ

«ትንሽ ከፍ፣ ሐሲ። ወደ ላይ አድርጊው።»

ሐሴት ትልቁን የፎቶ ፍሬም በሁለት እጇ ደግፋ ቆማለች። ክንዷ ዝሏል። ከፍ እንዳታደርገው ከአናቷ በላይ የዕቃ ሳጥን አለ፤ ከሳጥኑ በላይ ደግሞ ጣሪያው ነው። አባቷ ኪራኮስ ግን ፎቶ የሚሰቀለው ከፍ ብሎ፣ አናቱ ወደ ሰው ዘንበል ብሎ ነው ብሎ ያምናል። በእናቱ ሳሎን እንዲያ ነበር፤ በድሮው አፓርታማቸውም እንዲያ ነበር። ይሄ ግን ሳሎን አይደለም። አርቪ ነው፤ አልጋውም ምድጃውም መጸዳጃውም በአንድ መኪና ሆድ ውስጥ ያለ፣ አሌክሳንድሪያ ከተማ ከጓደኛው ከገብረየስ ጓሮ የቆመ አሮጌ የጉዞ ቤት።

«አይ ካንት፣ አባዬ። ቦታ የለም» አለች።

«እሺ፣ እዚያው ይሁን። ያምራል አይደል?»

«ኢትስ ፋይን።»

ከጠዋት ጀምሮ መልሷ ይኸው ነው። ለመጋረጃው ፋይን፣ ለፎጣ መስቀያው ፋይን፣ ከአልጋዋ ራስጌ ለተለጠፈው የፕላስቲክ አበባ ፋይን። ከአልጋዋ አጠገብ ለተሰቀለው መስታወት እንኳ፣ ፊቷን ትቶ አንገቷን ብቻ እያሳያት፣ ፋይን ብላለች።

እናትና አባቷ ከተለያዩ ሁለት ዓመት ሊሆን ነው። ሐሴት ከእናቷ ጋር ሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ ቀረች። አባቷ ከሌሎች ወንዶች ጋር አንድ ክፍል ተጋርቶ ስለነበር ልጅ የሚያሳድርበት ቦታ አልነበረውም፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ምሳ ያበላትና ይመልሳት ነበር። አርቪውን ከገዛ ወዲህ ግን እሱ ዘንድ እንድታድር ይፈልጋል። እናቷ ሰርክአዲስ አልፈቀደችም፣ አልከለከለችምም። አስራ አራት ዓመትሽ ነው፣ አንቺው ወስኚ አለቻት። ማደር ካልፈለገች ሳይመሽ ያምጣት፤ ካደረች ደግሞ ትደውል።

ይህን አባቷም ያውቃል። ያውቃል እንጂ አይጠይቅም። ሰው መልሱን የሚፈራውን ነገር መች ይጠይቃል? ይልቅ ግድግዳ ላይ ሲሰቅል ይውላል።

«እስቲ እናንኳኳ» አለ ካቻቪቴውን ከኪሱ አውጥቶ።

ገብረየስ ነው ያስተማረው። የአርቪ ግድግዳ ግድግዳ አይደለም፤ ስስ ጣውላ፣ ከኋላው ስፖንጅ፣ ከዚያ የውጭው ቆርቆሮ ነው። ሚስማር አይመታበትም። መጀመሪያ በጣት እያንኳኩ ውስጥ ያለውን እንጨት መፈለግ፣ ከዚያ አጭር ቪት በካቻቪቴ እያዞሩ ማስገባት ነው። ሐሴት ፍሬሙን አልጋው ላይ አስቀምጣ አንኳኳች። ባዶ ድምፅ ነው። ትንሽ አለፍ ብላ ደገመች፤ አሁንም ባዶ። ኪራኮስ እንደ ሐኪም ጆሮውን ግድግዳው ላይ ለጥፎ ዓይኑን ጨፈነ።

«በሽተኛው እስትንፋስ አለው» አለ።

ሳታስበው ሳቀች። እሱም ስትስቅ ሲያያት ደስታው እጁን አፈጠነው መሰል፣ እንጨቱን ሳያገኝ ይሄ ነው አለ። ፎቶው ከባድ ነውና ረጅሙን ቪት መረጠ። ቪቱ ሰተት ብሎ ገባ። እንጨት እንዲህ አያስገባም።

«ውጭ ወጣ እንዴ? እስቲ እዪልኝ።»

የኅዳር ብርድ ጓሮው ውስጥ ጠበቃት። ረግፎ የተከመረውን ቅጠል እየረገጠች በአልጋዋ በኩል ዞረች። የቪቱ ጫፍ ከቆርቆሮው ወጥቶ ያብረቀርቃል። ሐሴትን ያቆማት ግን እሱ አልነበረም። በዙሪያው ነጭ ነጭ ጠብታ አለ። ቀዳዳ የተደፈነበት ሲልከን ነው፤ አንዱ ከፍ፣ አንዱ ዝቅ፣ አንዱ ገና ያልደረቀ። የቀረው የመኪናው ቆርቆሮ ንጹሕ ነው። የተወጋው ይሄ የእሷ ጎን ብቻ ነው።

የገብረየስ ባለቤት እትዬ ውብነሽ ቆሻሻ ሊጥሉ ወጥተው አይተዋታል።

«ደግሞ በሳው?» አሉ። «ወንፊት አደረገው እኮ። ገብሬማ ሽሮ ልንነፋበት ነው እያለ ይስቅበታል።»

«ምንድን ነው ሲሰቅል የነበረው?»

«መስታወት ነዋ። ከሥራ ሲመለስ ይሰቅላል፣ ይነቅላል፤ ከፍ ያደርገዋል፣ ይመልሰዋል። አንድ ቀን መጥቶ የአስራ አራት ዓመት ልጅ ቁመቷ የት ድረስ ነው ብሎ ጠየቀኝ። እኔ የወለድኳቸው ወንዶች፣ ምን አውቄ። በእጄ እዚህ ድረስ ይሆናል ብዬ አሳየሁት» ብለው መዳፋቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። ከዚያ ቀና ብለው አዩዋት። «ለካ ተሳስቻለሁ። አንቺማ በልጠሽኛል።»

ሐሴት ቅዳሜዎቹን በልቧ እያሰበች ነበር። ሬስቶራንት ገብተው ፊት ለፊት ይቀመጣሉ። መኪና ውስጥ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። በር ላይ ያወርዳትና እሱ ከመሪው ሳይነሳ ይሄዳል። ሁለት ዓመት ሙሉ አባቷ የሚያውቃት ተቀምጣ ነው።

ስትመለስ ፎቶውን አቅፎ ይጠብቃታል።

«ወጥቷል?»

«ወጥቷል።»

«ግዴለም፣ ሲልከን አለ። ትንሽ ወደዚህ እናድርገውና...»

ፎቶው ውስጥ ሦስቱም አሉ። የሐሴት አምስተኛ ዓመት ልደት ነው፤ እናቷ ጥርሷ እስኪታይ ትስቃለች። ከተሰቀለ አልጋዋ ላይ ስትጋደም ትክክል ከዓይኗ ፊት ይውላል። ፋይን ማለት ቀላል ነበር። አንድ ቃል ናት፤ ሁሉን ትዘጋለች።

«አባዬ፣ እሱ አይሰቀል» አለች።

«ለምን? ያምራል አላልሽም?»

«ፋይን ነው ያልኩት።» አማርኛውን ቀስ ብላ ፈለገችው። «ፋይን ብዬ ዋሸሁ። እማዬ እዚህ የለችም። እያየኋት መተኛት አልችልም። ይሄ ያንተ ቤት ነው፤ የድሮው ቤት አይደለም።»

ኪራኮስ አልተቆጣም። ፍሬሙን እንደያዘ ዞረ። ትልቅ ነገር የሚደበቅበት ስፍራ አርቪ ውስጥ የለም። ከአልጋው ሥር ሞከረ፤ አልገባም። ከቁም ሣጥኑ ጎን ሞከረ፤ በሩ እምቢ አለ። መጨረሻ ከሾፌሩ ወንበር ኋላ ፊቱን አዙሮ አቆመው፤ ጎንበስ እንዳለም ቆየ።

ሐሴት ቃሏን ልትመልስ ከጀላት፤ ግን አልመለሰችም።

«መስታወቱም ዝቅ ብሏል» አለች በዝግታ። «አንገቴን ነው የሚያሳየኝ።»

ቀና ብሎ አያት። ከእግሯ ጀምሮ ወደ ላይ አያት፤ ዓይኑ የለመደው ቦታ ላይ ሊያርፍ ሲል ፊቷ ገና ከዚያ በላይ ነበር።

«መቼ ነው እንዲህ የሆንሽው?»

«ቁጭ ብለን እኮ ነው የምንገናኘው።»

ሊስቅ ሞከረ፤ አልሆነለትም። ወደ መስኮቱ ዞረ። ጓሮው ደብዝዟል።

«ሊመሽ ነው» አለ። «መንገዱ ሳይጨናነቅ መኪናዋን ላሙቃት?»

ሳይጠይቅ የዋለው ጥያቄ ይሄው ነበር። በሌላ ልብስ መጣ እንጂ እሱው ነው። ሐሴት ጃኬቷን ለብሳ ወጣች፤ የእትዬ ውብነሽን የኩሽና በር አንኳኩታ የቤቱን ስልክ ለመነች።

እናቷ በመጀመሪያው ጥሪ አነሳች።

«ይበርዳል?»

«ይበርዳል።»

«ጠባብ ነው?»

«በጣም።»

በእናቷ በኩል ከበስተኋላዋ ቴሌቪዥኑ ይሰማል፤ ቅዳሜ ማታ ሁለቱ ሶፋው ላይ ተጠጋግተው የሚያዩት ፕሮግራም ነው። ዛሬ እናቷ ብቻዋን ናት። ሐሴት የስልኩን ገመድ በጣቷ ጠመጠመች። በመስኮቱ አባቷ ይታያታል፤ ካፖርት ሳይደርብ ወጥቶ፣ ሲልከኑን በአንድ እጁ ይዞ፣ በሌላው ቆርቆሮውን እየዳሰሰ ነው። መሽቶበታል፤ ቀዳዳው አልታየውም።

«ታዲያ ይዞሽ ይምጣ?» አለች እናቷ።

«ነገ» አለች ሐሴት። «ነገ ያመጣኛል፣ እማዬ።»

ስልኩን ዘጋች። ከዚያ እትዬ ውብነሽን ባትሪ እንዲያውሷት ጠይቃ፣ እያበራች ወደ ጓሮው ወጣች።