መንገድ የሚለቀው ሰው

እውነቱን ልናገር፣ ሹፌሩን የናቅኩት ገና በመጀመሪያው ቀን ነው።

በታላቅ ወንድሜ መስታወት ቤት እሱ መኪናውን ይነዳል፣ እኔ ደንበኛው ቤት ገብቼ መስታወቱን እገጥማለሁ። አብረን ስንወጣ ታዲያ የማይቀድመን የለም። ቀይ መብራት የሚጥሰው፣ ስልክ እያወራ የሚታጠፈው፣ መንጃ ፈቃዱን እንደ ሽንኩርት ከገበያ የሸመተው ሁሉ አፍንጫችን ሥር ይሰነቀራል። እሱ እቴ፣ ፍጥነቱን ቀነስ አድርጎ ያሳልፋቸዋል።

«አንተ ደም የለህም?» አልኩት አንድ ቀን።

«አለኝ። ለእነሱ የማባክነው ግን የለኝም» አለና ዞር ብሎ አየኝ።

አስተያየቱ ደስ አለኝ። ደስ ስላለኝም ተናደድኩ።

እያደር ወደድኩት። «እንጋባ» ሲለኝ ግን ፈራሁ። ወንድሜ «እህቴን ለተቀጣሪዬ አልሰጥም» እንደሚል አውቃለሁ። ለማንም ደነዝ መንገድ የሚለቅ ሰው፣ ወንድሜ ሲጮህበት እኔንም ቢለቀኝስ? መልሴን አቆየሁት።

ትልልቅ መስታወት ጭነን ወደ አንድ ፀጉር ቤት ስንሄድ፣ ቁልቁለቱ ላይ አንዱ ባለጌ በእኛ መስመር ሽቅብ መጥቶ ፊታችን ተገተረ። ጭራሽ እሱ ጥሩምባ ይነፋብናል።

«ተዪው፣ ይሄዳል» አለኝ ሹፌሩ።

እኔ ነኝ የምተው? በሩን በርግጄ ወረድኩና ልክ ልኩን እነግረው ጀመር። ከኋላዬ የሚከንፈውን ሞተር ሳይክል አላየሁም።

አንድ እጅ ክንዴን ጨምድዶ ወደ ዳር ጎተተኝ። ሞተሩ ቀሚሴን ታክኮ አለፈ። ወዲያው የመሰባበር ድምፅ ሰማሁ። ሹፌሩ የእጅ ፍሬን እንኳ ሳይስብ ዘሎ ወርዶ ኖሯል፤ ሰውየውን ሊያሳልፍ መሪውን ወደ ጎን አዙሮት ስለነበር መኪናችን ተንሸራትቶ ከመንገድ ዳር ግንብ ጋር ተላትሟል። የጫነው ሁሉ ደቅቋል።

ሹፌሩ ግን ወደ መኪናው ዞሮም አላየ።

«አብደሻል? ለዚህ ከንቱ ብለሽ ልትሞቺብኝ ነው?» ብሎ ጮኸብኝ። ድምፁን ከፍ አድርጎ ሰምቼው አላውቅም። ዓይኑ እንባ አቅርሯል። ያ ጥሩምባ ሲነፋብን የነበረው ጀግና ተብዬ መስኮቱን ዘግቶ ኩምትር ብሏል።

ሆዴ ባባ።

«አገባሃለሁ» አልኩት፣ እዚያው መንገድ ዳር።

«አሁን ዝም በይ፣ ተናድጃለሁ» አለኝ። ክንዴን ግን አልለቀቀም። ወንድሜ ተደውሎለት ደርሶ፣ ስብርባሪውን እያየ «እጅህን ከእህቴ ላይ አንሳ» ብሎ ሲጮህበትም አልለቀቀም።