ከልኬቱ ጀርባ ያለው ደብዳቤ

«ቁመት፣ ሁለት ሜትር ከአሥር። ስፋት፣ ዘጠና አምስት» አለች ሚጢ፣ አባቷ ከኮቱ ኪስ አውጥታ እንድታነብለት ያዘዛትን ወረቀት ይዛ። አባቷ የቤት ዕቃ ፋብሪካ አናጺ ነው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ግን እዚሁ ግቢያቸው ውስጥ ለጎረቤት ቁም ሣጥን ይሠራል።

እርሳሱን ከጆሮው ላይ አንስቶ ጣውላው ላይ አሰመረ። «ጥልቀቱስ?»

ከጀርባው የተጻፈ መስሏት ወረቀቱን ገለበጠችው። የሆስፒታል ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ነበር። በፋብሪካው ከሠራተኞች በተወሰደው ደም፣ በእሱ ላይ የትልቁ አንጀት ካንሰር ሊሆን የሚችል ምልክት ስለታየ ለተጨማሪ ምርመራ ቶሎ እንዲቀርብ ይላል። ቀኑን አየችው፤ አምስት ሳምንት አልፎታል።

«አባዬ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

ቀስ ብሎ ከእጇ ወሰደው። «የማይረባ ነገር ነው። በሬ አክዬ እየታየሁ ምን ያመኛል?»

«አትሸውደኝ።»

«ለእናትሽ ትንፍሽ እንዳትዪ። በከንቱ ትጨነቃለች።»

«እሺ» አለች። እሺ ማለቷ ግን ወዲያው ቆጫት።

ሰኞ ከትምህርት ቤት ስትወጣ በቀጥታ ጤና ጣቢያ ሄደች። ነርሷ ጓንቷን እያወለቀች የደብዳቤውን ነገር አዳመጠቻት።

«ካንሰር አለበት ማለት ነው?»

«አይደለም፣ የኔ እህት። ዕጢ ካለ ደም ውስጥ ጥቃቅን ርዝራዥ ሊጥል ይችላል፤ ምርመራው የሚፈልገው እሱን ነው። ሊሳሳትም ይችላል። ቁርጡ የሚታወቀው አንጀቱ በካሜራ ሲታይ ነው። በጊዜ ከተደረሰበት ደግሞ ብዙ ጊዜ ይድናል።» ፈገግ አለች። «ግን አንቺን መርምሬ ምን ላድርግ? አባትሽን አምጪልኝ እንጂ።»

ቤት ስትደርስ አባቷ ከፋብሪካ ተመልሶ ቅዳሜ ያላለቀለትን የቁም ሣጥን በር እያለሰለሰ ነበር። የሰማችውን ሁሉ ነገረችው።

እጁን ሳያቆም «ካሜራው በየት በኩል እንደሚገባስ ነግራሻለች?» አላት።

ሚጢ ሳቋ አመለጣት። እሱም ሊስቅ ነበር፤ ግን ፊቱ ተለወጠ።

«ታላቅ ወንድሜ ሆስፒታል በእግሩ ገባ። በዚሁ በአንጀት ሕመም። በሬሳ ሣጥን አወጣነው» አለ። «ሣጥኑን የሠራሁት እኔ ነኝ።»

ሣጥኑን እሱ እንደሠራው ሚጢ አታውቅም ነበር። አጎቷ ሆዱን እያመመው ዓመት ሙሉ ደብቆ መቆየቱን ግን ከእናቷ ሰምታለች።

«አጎቴ እኮ የሄደው ከባሰበት በኋላ ነው። አንተን ገና ምንም አላመመህም።»

ወደ በሩ ዞሮ ማለስለሱን ቀጠለ።

ራት ላይ እናቷ አንዴ እሷን፣ አንዴ እሱን እያየች «ምን ሆናችኋል? ተኳርፋችኋል እንዴ?» አለች።

«ኧረ ምንም» አለ አባቷ። ከዚያ ሚጢን አያት። ልመና ነበር። እንደዚያ አይቷት አያውቅም።

«እማዬ» አለች፣ ድምጿ እየተቆራረጠ፣ «አባዬ የሚነግርሽ ነገር አለው።»

እናቷ ማንኪያዋን አስቀመጠች። አባቷ ሳህኑን ወደ ጎን ገፋ አደረገ። «ባለፈው ፋብሪካ ደሜን ወስደው ነበር…» ብሎ ጀመረ።

ሚጢ ለብቻቸው ልትተዋቸው ብድግ አለች። ዞር ስትል፣ መዶሻ ይዞ የማይዝለው የአባቷ እጅ እጅጌዋን ያዘ። ወንበሯን ወደ እሱ አስጠግታ ተቀመጠች።