ከስፖርት የቀረሁበት ማለዳ

ባሌ አንለይ ከግድቡ ሥራ ተጠቃሎ አሶሳ የገባ ዕለት መናኸሪያ ሄጄ ጨበጥኩት። አዎ፣ እንደ ቀበሌ ሊቀመንበር በእጄ ጨበጥኩት! እሱም ግራ ገብቶት «ደህና ነሽ ወይ ሰብለ?» አለኝ።

«ደህና።»

ባጃጅ ተሳፍረን ቤታችን ገባን።

ዓመታት ጉባ በረሃ ነበር። ለበዓል ብቅ ይልና ተላምደን ሳናበቃ ይመለሳል። መጀመሪያ አለቅስ ነበር፤ በኋላ ደነዘዝኩ። ቢመጣም ቢሄድም አንድ ሆነብኝ። አልከፋኝም፣ ደስም አላለኝም። ብቻ አለሁ።

እሱ ሳይመለስ ጎረቤቴ ነዕማ ጎትታ የሴቶች ስፖርት አስገብታኝ ነበር። ማለዳ፣ አዳራሽ ውስጥ፣ መጋረጃ ተዘግቶ። ወንድ ዝር አይልም። ሱሪ የለበሰችም ሂጃቧን ያጠበቀችም አብረን እንዘላለን። መጨረሻ ላይ ምንጣፍ ላይ ተጋድመን ስንተነፍስ እንባዬ ይመጣል። ማንም አያፋጥጠኝም፤ አጠገቤ ያለችው እጄን ትይዘኛለች፣ በቃ። ምክንያቱን ለነዕማ ብቻ ነግሬያታለሁ። ቀኑን ሙሉ ድንጋይ ነኝ፤ እዚያ ብቻ ሰው እሆናለሁ።

አንለይ የሚያየው ግን ዓይኔ ቀልቶ ስመለስ ነው። አንድ ቀን እራት ላይ አላስቻለውም።

«ስፖርት ያስለቅሳል እንዴ? ማነው እሱ?»

መመለስ ነበረብኝ። ምላሴ ግን አልታዘዝልኝ አለ... ዝምታዬን እንደ አዎንታ ቆጠረው።

«ግዴለም» አለ ቀስ ብሎ። «ጥፋቱ የኔ ነው፤ ትቼሽ ኖሬያለሁ። ነገ ወደ ጉባ፣ ማንኩሽ እመለሳለሁ።»

«አትሂድ» የምትል አንዲት ቃል ጠፋችኝ።

በማግስቱ ከስፖርት ቀረሁ። አልጋው ጫፍ ተቀምጬ ልብሱን ሲያጣጥፍ አየዋለሁ። ድንገት ግቢው በሩጫ ኮቴ ተናወጠ። የቡድናችን ደንብ ነው፤ አንዷ ከቀረች ሁሉም እየሮጡ ቤቷ ሄደው የዕለቱን ስፖርት እዚያው ይሠራሉ። ሐዘንም ይሁን ሕመም ብቻዋን አትተውም።

ነዕማ አንለይን በር ላይ አገኘችው። የቤት ቋንቋዋ በርታ ነው፤ አማርኛዋ ሴትና ወንድ አይመርጥም።

«ሰብለ የት አለ? ታመመ?»

«አልታመመችም። እኔ ልሄድላት ነው።»

«ወዴት? ወላሂ አንተ ምንም አታውቅም! እሱ እኛ ጋ ሁልጊዜ ያለቅሳል። ‹ባሌ መጣ፣ እንዴት እንደማወራው ጠፋብኝ› ይላል!»

አንለይ ዞሮ አየኝ።

«እውነት ነው ሰብልዬ?»

እሱ ፊት፣ ከስንት ጊዜ በኋላ፣ ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ። ሊያቅፈኝ እጁን ሲዘረጋ አሰልጣኛችን ኢልሊ አጨበጨበች።

«ወንድሜ፣ ይቅርታ! የሴቶች ስፖርት ነው፣ ውጣልን!»

«ከገዛ ቤቴ?»

«ውጣልን!» አሉ ሁሉም።

ሳቁን አፍኖ ወጣ። አጥሩ ጋ ሲደርስ ቆም አለ።

«ሰብልዬ... ስትጨርሱ ልመለስ?»

ሴቶቹ እኔን ያያሉ። ልቤ ሲመታ ተሰማኝ።

«ተመለስ» አልኩት። «ቶሎ ተመለስ!»