ታንጉትን ያወጣት ማን ነው?

«ያን ልጅ አመስግኚ፤ እሱ ባይደርስልሽ ኖሮ ቀብረንሽ ነበር» አሏት የትምህርት ቤቱ ዘበኛ፣ ልክ ትናንትና እንዳሏት።

ታንጉት «እሺ አባባ» ብላ አለፈች። እሺ ማለት ሰልችቷታል። ከሰኞ ጀምሮ ይህን ያልነገራት ሰው የለም። ዳይሬክተሩ ሰልፍ ላይ ለክፍል ጓደኛዋ ለወንዳወቅ አስጨብጭበው እስክሪብቶ ሸልመውታል። እናቷ ሳትቀር እግሩን ልትስም ምንም አልቀራት።

እውነቱ ግን ሌላ ነው። ሰኞ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ፣ መሻገሪያው መሃል ላይ ሳለች የላህ ወንዝ ድንገት ሞልቶ ወሰዳት። መጀመሪያ ወደ መጣችበት ለመመለስ ታገለች፤ ውሃ ጠጣች። ከዚያ ዕድሜውን ሙሉ ከብት ሲያሻግር የኖረው አጎቷ ይሄይስ ያላት ትዝ አላት፦ ከሙላት ጋር አትታገይ፣ በጀርባሽ ተኚ፣ እግርሽን አስቀድሚ። የደብተር ቦርሳዋን ጣለችው። ሚኒስትሪ ሊፈተኑ ሁለት ሳምንት ነው የቀረው፤ ቢሆንም ጣለችው። ውሃው ይዟት ሲወርድ በክንዷ እየቀዘፈች በጥቂት በጥቂቱ ወደ ዳር ተጠጋች፤ ወንዙ ከሚታጠፍበት ስትደርስ የሾላ ሥር ያዘች። ወንዳወቅ ዳር ዳሩን እያለቀሰ ሲሮጥ ደርሶ ጭቃው ላይ እጇን ይዞ ጎተታት። ይኸው ነው። በማግስቱ ግን አገር ምድሩ «ወንዳወቅ ዘሎ ገብቶ አወጣት» ይላል።

ከወንዳወቅ ጋር አንድ ዴስክ ላይ ነው የሚቀመጡት። ለምን እንደዋሸ ስትጠይቀው፣ ሰዎቹ «አንተስ ምን አደረግህ?» ሲሉት አፍሮ እንደሆነ ነገራት። «ደሞ አንቺን ምን ይጎዳሻል? ተርፈሻል አይደል?» አላት። አልቅሶላታልና ለማንም አልተናገረችም።

ዛሬ ሐሙስ ሲመለሱ ላህ ደፍርሶ ጠበቃቸው። እስኪጎድል ሳሩ ላይ ተቀመጡ። ትንንሾቹ ጨዋታ ጀመሩ፤ አንዷን ውሃ ይወስዳታል፣ ሌላዋ ዘላ ትገባለች። የምትዘለው የታንጉት እህት ሀብትነሽ ናት፤ ገና ሦስተኛ ክፍል።

«የእውነት ቢወስዳትስ?» አለቻት ታንጉት።

«እንደ ወንዳወቅ ዘልዬ እገባለኋ» አለች ሀብትነሽ፣ ኮራ ብላ።

ሀብትነሽ መዋኘት አትችልም። ታንጉት ወንዳወቅን አየችው። የጫማውን ጭቃ በእንጨት ይፍቃል። ሰምቷል፤ ቀና ግን አላለም። አንድ ቃል ቢተነፍስ ምን ነበረበት? ጠበቀችው። መፋቁን ቀጠለ።

ተነሣች። በታጠበ ዩኒፎርሟ እርጥቡ ሳር ላይ በጀርባዋ ተጋደመችና እግሯን ወንዙ ወደሚፈስበት አቅጣጫ ዘረጋች።

«ኑ እዩ። ውሃ ከወሰዳችሁ እንዲህ ነው የምትሆኑት። እኔ እንዲህ ሆኜ ነው የወጣሁት።»

ልጆቹ ከበቧት። ሀብትነሽ ግራ ተጋብታ ዞር አለች። «ወንዳወቅስ? የት ነበር?»

ወንዳወቅ እንጨቱን ጣለ።

«ዳር ላይ» አለች ታንጉት። «ሰው እየጠራ ይሮጥ ነበር። ውሃ ሌላ ሰው ከወሰደ እናንተም ዳር ላይ ነው የምትሆኑት።»