ከአንኮበር በታች የሰማነው ባሕር

እኔ የቄስ ሴት ልጅ ነኝ፣ ስለ ዛርና ስለ ጋኔን ሲወራ ከሚስቁት ወገን ነበርኩ፣ ዛሬም ጎረቤት «አየሁ» ብሎ ሲምልልኝ በልቤ «ሕልም ነው» እላለሁ፣ ይህን ግን በገዛ ዓይኔ አየሁት፣ ታዲያ ምን ልበላችሁ?

በጃንሆይ ጊዜ ነው፣ ታላቅ ወንድሜ ተሾመ ከቀይ ባሕር ዳር ሥራውን ጥሎ የመጣ ሰሞን። ይሠራ የነበረው የባሕር ውሃ አፍልቶ ለመጠጥ የሚያጣራ ፋብሪካ ውስጥ ነበር፣ ተጣርቶ የሚቀረው ትኩስና መራራ የጨው ውሃ በቱቦ ተመልሶ ባሕሩ ውስጥ ይለቀቃል፣ በዚያ ጥግ ዓሣው ሁሉ አለቀ። ዓሣ አጥማጆቹ ከሰሱ፣ «ቱቦውን የምታውቀው አንተ ነህ፣ መስክርልን» አሉት፣ አለቃው ደግሞ «ትናገርና እንጀራህን ታጣለህ» አለው። እሱም ሁለቱንም ሸሽቶ አንኮበር ገባ፣ ገባና ዝም አለ።

አንድ ማለዳ ገብስ ጭነን ወደ አሊዩ አምባ ገበያ አብረን ወረድን። ጉም ቆላውን ሞልቶታል፣ ከእግራችን ሥር እስከ ሰማይ ጥግ ነጭ በነጭ ነው፣ ይህ ለእኛ አገር ሰው ብርቅ አይደለም፣ ግን አህያችን ቀጥ ብላ ቆመች፣ ብመታትም ብጎትታትም ወይ ፍንክች! ያን ጊዜ ነው ድምፁን የሰማሁት፣ ከታች ሹው ይልና ይመለሳል፣ ደግሞ ሹው ይላል፣ ትልቅ ነገር የሚተነፍስ ይመስላል።

«ነፋስ ነው አይደል ወንድም ጋሼ?» አልኩት።

«ማዕበል ነው» አለኝ። ፊቱ አመድ መስሏል።

ከንፈሬን ብልሰው ጨው ጨው አለኝ፣ እመኑኝ፣ ሣሩ ላይ ያለው ጤዛም ጨው ነበር። ከዚያ ጉሙ ከመሃሉ አበጠ፣ አንድ ጥቁር ጀርባ ቀስ ብሎ ወጣ፣ አንድ ጋሻ መሬት ያህላል፣ ውሃ እየተንጠባጠበበት ወጥቶ ወጥቶ ቀስ ብሎ ገባ። ይገርማችኋል፣ አልፈራሁም፣ ቤተ መቅደስ የገባሁ ያህል ነጠላዬን አጣፍቼ ቆምኩ እንጂ። ወንድሜ ግን ተንበርክኮ ነበር።

ፀሐይ ወጣች፣ ጉሙ ተገፈፈ፣ ታች ያለው የምናውቀው የማሽላ ማሳ ነው። ወዲያው አንድ የአሊዩ አምባ ነጋዴ ሽማግሌ ከነግመላቸው ሽቅብ መጡ፣ ሽርጣቸው እስከ ወገባቸው ርሷል።

«ዝናብ ነበር እንዴ አባባ?» አልኳቸው።

«ወላሂ ልጄ፣ ጠብ ያለ ነገር የለም» አሉና መንገዳቸውን ቀጠሉ።

ወንድሜ በሳምንቱ ወደ ባሕሩ ተመለሰ፣ ዳኛ ፊት ቆሞ ያየውን ሁሉ ተናገረ። ሥራውን ለዘለቄታው አጣ፣ ቱቦውም መፍሰሱን አላቆመም፣ ዓሣ አጥማጆቹ ግን ጉዳያቸውን አልተዉም፣ ከአንዱ ችሎት ወደ ሌላው ይመላለሱ ነበር።

ቆይቶ፣ ለብቻችን ስንሆን፣ «ያን ቀን ምን ቢታይህ ነው ድንገት ለመመስከር የቆረጥከው? እኔም እኮ ያንን ጀርባ አይቻለሁ» አልኩት።

«አንቺ ጀርባውን ነው ያየሽው» አለኝ፣ «እኔን ግን እሱ አየኝ።»