ከመዘውሩ ላይ የወረደው ቆብ

የዱጋል አስከሬን ከባልዲዎቹ ሰንሰለት ሥር ወጥቶ የመርከቧ ወለል ላይ ተዘርግቷል። ውሃው ከልብሱ ገና ይንጠባጠባል፤ ቆቡ ደረቱ ላይ ነው። ሚስቱ ኢሶቤል ስትደርስ ፊቱን ከማየቷ በፊት ቆቡን አየች። እጆቿን ከሽርጧ ሥር ደበቀች።

የክላይድን ወንዝ ደለል በባልዲ ሰንሰለት እንድትጠርግ በሬንፍሩ ከተማ የተሠራችው የእንፋሎት መርከብ በዚያ ቀን ለሚገዟት ሰዎች ልትታይ ነበር። ሰንሰለቱን ያንቀሳቀሰው የሟቹ ታላቅ ወንድም ላክላን ነው። አሁን ሁለት ፖሊሶች ግራና ቀኝ ይዘውታል።

መርማሪው ማክፊ ጉንፋን የማይለቀው አጭር ሰው ነው። አፍንጫውን እየጠረገ ጠየቀ፤

«ሰንሰለቱ ውስጥ የሚገባ ሠራተኛ ምን ያደርጋል?»

«ሰንሰለቱን በሚያንቀሳቅሰው የእንፋሎት መዘውር ላይ ቆቡን ይሰቅላል» አለ የመርከብ መሥሪያ ግቢው ሹም ጊልሞር። «ቆብ ያለበትን መዘውር ንግሥቲቱም ብትመጣ አትነካውም። የሚያወርደው የሰቀለው ብቻ ነው። ዱጋል ግን ረስቶ ይዞት ገባ፤ የራሱ ጥፋት ነው።»

«አንተስ፣ ላክላን?»

«ቆብ አልነበረም፤ ከፈትኩት። በቃ፣ እሰሩኝ!»

«ለእስር እንዲህ የሚቸኩል ሰው አይቼ አላውቅም። ተጣልታችሁ ነበር?»

«በየቀኑ! ወንድማማች አይደለን?»

ላክላን ወደ ኢሶቤል አንዴም አልዞረም። ዋርሳዋ ለምን እንደማያያት ታውቃለች።

ማክፊ ወደ ሞተሩ ክፍል ወርዶ መዘውሩን በጣቱ ነካ፣ ተመልሶ ቆቡን ገልብጦ አየ፣ ከዚያም ሰዎቹን ሁሉ ሰበሰበ።

«ሟቹ እስከ ቆዳው ርሷል፤ የቆቡ ውስጥ ግን ደረቅ ነው። ስለዚህ ደረቱ ላይ የተቀመጠው ከወጣ በኋላ ነው። መዘውሩ ደግሞ ዛሬ ጠዋት ቀይ ቀለም ተቀብቷል፤ ገና እጅ ላይ ይጣበቃል። ይኸው ቀለሙ በገበሩ ላይ። ዱጋል አልረሳም፤ ሰቅሎት ነበር።»

ጊልሞር አቀረቀረ።

«ታዲያ ማን አወረደው?» ሲል ማክፊ ቀጠለ። «ገበሩ ተቀዶ ተሰፍቷል። ቀለሙ ከስፌቱ ሥር ነው፤ ክሩ ግን ንጹሕ ነው። የተሰፋው ከተሰቀለ በኋላ ነው ማለት ነው። እዚህ መሀል መርፌ የሚይዝ ማን ነው?»

«እኔ ነኝ የሰፋሁት!» ብሎ ላክላን ጮኸ።

«በዚህ ወፍራም ጣትህ? መርፌው ይሰበራል እንጂ!»

አንድ ሰው ሳቀና ሳቁን ዋጠ።

ኢሶቤል እጆቿን አወጣች። የጣቶቿ ጫፍ ቀይ ነበር።

«ምሳ ላደርስለት መጣሁ። ገበሩ ተቀዶ ተንጠልጥሎ አየሁት። ገዢዎቹ ፊት እንዳያፍር ብዬ… መዘውሩ መስቀያ ነው የመሰለኝ። የዓሣ አጥማጅ ልጅ ነኝ፤ የእናንተን ሕግ ማን ነገረኝ? ብርሃን ወዳለበት ወስጄ ሰፋሁት፤ ክሩን እንደቋጠርኩ ጩኸቱን ሰማሁ። ቆቡን ጥዬ ሮጥኩ። በሰው መሀል አልፌ እስክደርስ ላክላን አንስቶ፣ ዱጋል ረስቶ ይዞት የገባ እንዲመስል ደረቱ ላይ አኖረልኝ።»

«ዝም ብትይ ምን ነበረበት፣ የወንድሜ ሚስት?»

«አንተንም ልቅበርህ?»

ማክፊ ላክላንን እንዲለቁት ምልክት ሰጠ። «ይህን የሚቀጣ ሕግ የለኝም፣ እመቤቴ» አላት በቀስታ።

ቢኖረው በወደደች ነበር። ቆቡን ከእጁ ተቀብላ ወደ ሞተሩ ክፍል ወረደችና መዘውሩ ላይ መልሳ ሰቀለችው።

ገዢዎቹ ሰዓታቸውን ያያሉ። ጊልሞር እስከ ደረጃው ወርዶ ቆቡን አየና ተመለሰ። የምድጃው እሳት እየደከመ ሄደ። ማንም መዘውሩን አልነካም፤ የሚያወርደው የሰቀለው ብቻ ነው። እሷ ደግሞ ከሥሩ ተቀምጣ ቀይ ጣቶቿን ጭኗ ላይ ዘርግታለች፤ ተነሥታ ቆቡን ለማውረድ ገና አልደፈረችም።